የሌዘር ማነጣጠሪያ፦ ምርጫው፣ አገጣጠሙና ገደቡ

የሌዘር ማነጣጠሪያ በጠመንጃ ላይ ተገጥሞ በዒላማው ላይ የብርሃን ነጥብ የሚጥል መሣሪያ ነው። እንደ ጨፋ ባለ ገላጣ ሜዳ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ቀይ ነጥብ ቶሎ ይደበዝዛል፤ አረንጓዴው ለዓይን ይበልጥ ይታያል።

ገጠማው የሚከናወነው ካዝናው ወጥቶ፣ ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ማሰሪያው ከላላ ነጥቡ ይስታል። ብርሃን ቀጥ ብሎ ሲጓዝ ጥይት በምድር ስበት ዝቅ ስለሚል፣ ነጥቡ የሚታመነው ለተስተካከለበት ርቀት ብቻ ነው።

ነጥቡ ከዒላማው ጀርባ ያለውን አያሳይም። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብት በሚያሰማሩበት በቦርከና ዳርቻ፣ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ጨረሩም ዓይንን ይጎዳል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ስለሆነም ማነጣጠሪያ ከመግዛት በፊት ፈቃድ ሰጪውን አካል መጠየቅ ይገባል።