ክፍሎቹን መርጦ ኮምፒዩተርን በገዛ እጅ ስለ መግጠም፤ አጭር ታሪክ

ታሪክ የሚለው ቃል ሲነሣ በሐሳባችን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ የጦር ሜዳና የድንበር ውል ነው። ይሁን እንጂ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የምናየው ኮምፒዩተርም ሊጻፍለት የሚገባ ታሪክ አለው። አንዱ ኩባንያ የሠራው ፕሮሰሰር ሌላው በሠራው ማዘርቦርድ ላይ ይሰካል፤ ማዘርቦርዱም ሦስተኛው በሠራው ሣጥን ውስጥ ይገጥማል። የአንዱ መኪና መለዋወጫ ለሌላው በማይሆንበት ዓለም ይህ ስምምነት ከየት መጣ? ገንዘቡ ያነሰ ሰው ከየክፍሉ ርካሹን እየመረጠ ራሱ እንዲገጥም ማን ፈቀደለት? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስብልን እንለምናለን።

የነገሩ መጀመሪያ በአሜሪካ አገር፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ ነው። በዚያ የነበረ ሚትስ የሚባል አነስተኛ ኩባንያ አልቴር 8800 የተባለውን ኮምፒዩተር ሠራ፤ ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው መጽሔትም በጃንዋሪ 1975 እትሙ ሽፋን ላይ አወጣው። ዋጋው ከ400 ዶላር በታች ነበር፤ ነገር ግን ገዢው የሚደርሰው የተበታተነ ዕቃ ስለ ሆነ እያንዳንዱን ክፍል በቆርቆሮ ብየዳ ራሱ ማያያዝ ነበረበት። የኩባንያው መሪ ኤድ ሮበርትስ ዋጋውን እንዲህ ዝቅ ለማድረግ የቻለው በንግድ ብልሃት ነው። ኢንቴል 8080 የተባለው ፕሮሰሰር ለአንድ ገዢ 360 ዶላር ይጠየቅበት ሲሆን፣ ሮበርትስ ግን ብዙ በአንድነት እገዛለሁ ብሎ በ75 ዶላር ተዋዋለ። እንግዲህ መላው ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሩ ብቻውን በችርቻሮ ከሚያወጣው ዋጋ ብዙም ሳይርቅ ተሸጠ ማለት ነው። በእርግጥ ዕቃው እጅግ ድኻ ነበር። ማኅደሩ 256 ባይት ብቻ ይይዛል፤ ይኸውም የዚህን አንቀጽ ግማሽ እንኳ አይበቃም። ሰሌዳም መስኮትም አልነበረውም፤ ሰው ትእዛዝ የሚሰጠው በፊቱ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች በማድረግ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ክፍል ለእኛ ከሁሉ የበለጠ አስደሳች ሆኖ አግኝተነዋል። በማርች 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ፣ በመንሎ ፓርክ፣ በጎርደን ፍሬንች የመኪና ጋራዥ ውስጥ ኮምፒዩተርን በቤታቸው መሥራት የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙም ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ ተባለ። ከተሰበሰቡት አንዱ በሒውሌት ፓካርድ ኩባንያ የካልኩሌተር መሐንዲስ የነበረው ስቲቭ ዎዝኒያክ ነው። ዎዝኒያክ ኮምፒዩተር ለመሥራት ዕውቀቱ ነበረው፤ የጎደለው ለፕሮሰሰር የሚሆን ገንዘብ ነበር። በዚያን ጊዜ ሞቶሮላ 6800ና ኢንቴል 8080 የተባሉት ከመቶ ዶላር በላይ ያወጡ ነበርና።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሞስ ቴክኖሎጂ የሚባል ኩባንያ 6502 የተባለ ፕሮሰሰር በ25 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። ሠሪዎቹ እነ ቸክ ፔድል ቀድሞ በሞቶሮላ የ6800 ሠራተኞች የነበሩ ናቸው። ሽያጩ የተደረገው በሳን ፍራንሲስኮ በተከፈተ የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ሰሞን ነው፤ በትርኢቱ አዳራሽ መሸጥ ስላልተፈቀደላቸው በአቅራቢያው በሚገኝ ሆቴል ክፍል ተከራይተው ፕሮሰሰሮቹን በመስተዋት ማሰሮ ሞልተው ይሸጡ ነበር። ዕቃው የተትረፈረፈ እንዲመስል ከማሰሮው በታች ያሉት የማይሠሩ ነበሩ ተብሎ ይነገራል፤ እንዲህ ያለው ዘዴ ለመርካቶም እንግዳ አይደለም።

ዎዝኒያክ አስቀድሞ ሥራውን ለ6800 እንዲሆን አድርጎ በወረቀት ነድፎ ነበር። ርካሹ 6502 የአሠራሩ ጠባይ ለዚያ ቅርብ ስለ ሆነ ንድፉን በጥቂቱ ለውጦ ተጠቀመበት። በማኅደሩም በኩል ብዙ ቺፕ ከሚፈልገው ዓይነት ይልቅ በጥቂት ቺፕ ብዙ የሚይዘውን መረጠ፤ ለመስኮትም ቴሌቪዥንን ተጠቀመ። ከዚህ የተነሣ በ1976 አፕል 1 የተባለው ኮምፒዩተር በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ለገበያ ወጣ። ሻጮቹ ያቀረቡት ገበታውን ብቻ ነው፤ ሣጥኑን፣ የኃይል ማከፋፈያውን፣ የጽሕፈት ሰሌዳውንና መስኮቱን ገዢው ከየትም ፈልጎ ያመጣ ነበር። አንዳንዶቹም ሣጥኑን ከእንጨት አሠርተውለታል። አንድ ርካሽ ክፍል ተመርጦ የቀረው ሁሉ በእርሱ ልክ መበጀቱን እዚህ ላይ እናያለን።

ነገር ግን እስከዚህ ድረስ እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ ቋንቋ ይናገር ነበር። የጋራ ቋንቋ የመጣው፣ ሳይታሰብ፣ ከታላቁ ኩባንያ ከአይ ቢ ኤም ነው። የአይ ቢ ኤም ሰዎች በፍሎሪዳ፣ በቦካ ራቶን፣ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ሠርተው ፒሲ የተባለውን ኮምፒዩተር በኦገስት 12 ቀን 1981 አወጡ። ጊዜ ስላልነበራቸው ክፍሎቹን ራሳቸው ከመፈልሰፍ ይልቅ በገበያ ያሉትን ሰበሰቡ። ፕሮሰሰሩን ኢንቴል 8088ን ያደረጉት ወደ ውጭ የሚያስተላልፈው 8 ቢት ብቻ በመሆኑ ረዳት ቺፖቹ ርካሽ ስለ ነበሩ ነው። ተጨማሪ ካርዶች የሚሰኩባቸው አምስት ቦታዎች ተዉለት፤ የገበታውንም ንድፍ በመጽሐፍ አትመው ሸጡ። የማይክሮሶፍት ኩባንያም የሰጣቸውን መሪ ፕሮግራም ለሌላ የመሸጥ መብቱን ለራሱ አስቀርቶ ነበር።

ለአይ ቢ ኤም ብቻ የተጠበቀው ባዮስ ነበር፤ ይኸውም ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ትንሽ ፕሮግራም ነው። በ1982 በሂውስተን የተቋቋመው ኮምፓክ ይህን የፈታው ሠራተኞቹን ለሁለት ከፍሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ የአይ ቢ ኤምን ጽሑፍ አንብበው ምን ምን እንደሚሠራ ብቻ ይዘረዝራሉ፤ ሁለተኛዎቹ ጽሑፉን በዓይናቸው ሳያዩ ከዝርዝሩ ተነሥተው አዲስ ይጽፋሉ። ስለዚህ ቀዳችሁ ተብለው ሊከሰሱ አልቻሉም። ኮምፓክ በ1983 የ111 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ አደረገ። በ1984 ደግሞ ፊኒክስ የተባለ ኩባንያ እንዲህ ያለውን ባዮስ ለሚፈልግ ሁሉ መሸጥ ስለ ጀመረ በሩ ተከፈተ። አይ ቢ ኤም በ1987 በአዲስ ዓይነት መሰኪያ በሩን መልሶ ለመዝጋት ቢሞክር፣ ዘጠኝ ተወዳዳሪ ኩባንያዎች በ1988 ተባብረው የራሳቸውን አወጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በመጨረሻም ኢንቴል በ1995 ኤቲኤክስ የሚባለውን ሥርዓት አወጣ፤ የገበታው ስፋት፣ የብሎኑ ቀዳዳ ቦታና የኃይሉ መሰኪያ ከዚያ ወዲህ አንድ ልክ ያዙ።

ስለ ቁጠባ ሲነሣ በ1998 የሆነውን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ኢንቴል ለድኻ ገዢ ብሎ ሴለሮን የተባለውን ፕሮሰሰር በአፕሪል አወጣ፤ ግን ሁለተኛ ደረጃ ካሽ ስላልነበረው ተሰደበ። ካሽ ማለት በመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጡት ፋይሎች ነው፤ ከጎኑ ካሉ በየጊዜው ወደ መደርደሪያው አይመላለስም። በኦገስት የወጣው ሴለሮን 300ኤ 128 ኪሎባይት ካሽ ተጨመረለት፤ ዋጋውም 149 ዶላር ነበር። ፍጥነቱ የሚገኘው የገበታውን ምት በ4.5 በማባዛት ነው፤ ስለዚህ በ66 ሜጋኸርዝ ምት 300 ይሆናል። የገበታው ምት ወደ 100 ከፍ ቢል ግን 450 ይሆናል፤ ብዙዎቹም ሴለሮኖች ይህን ችለው ይሠሩ ነበር። በዚያው ወር የወጣው ባለ 450 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም 2 ዋጋው 669 ዶላር ነበር። ልዩነቱን የሒሳብ ተማሪ ሁሉ ያወጣዋል።

ያለ ቦታው የተቆጠበ ገንዘብ ግን ጥፋት ያመጣል። ከ1999 ገደማ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የተሠራባቸው ካፓሲተሮች ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ጉድለት ስለ ነበረው አብጠው ይፈነዱ ነበር፤ ሳንቲም የሚያወጣ ዕቃ ገበታውን በሙሉ ገደለ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ለፓወር ሰፕላይ መሰሰት ከዚህ የባሰ ነው ብለን እናምናለን። በ2004 የተጀመረው 80 ፕላስ የተባለው ምልክት ከግድግዳው ከሚገባው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶው ለሥራ መዋሉን ያመለክታል፤ ማለትም ለ300 ዋት ሥራ 375 ዋት ይሳባል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ በጃንዋሪ 2017 በ64 ዶላር የወጣው ፔንቲየም ጂ4560ና በፌብሩዋሪ 2018 በ99 ዶላር የወጣው ኤኤምዲ ራይዘን 3 2200ጂ ይታወሳሉ። ሁለተኛው ደኅና የሥዕል ክፍል በውስጡ ስላለው ግራፊክስ ካርድ ለብቻ መግዛትን አስቀርቷል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ካርዶች በጠፉና በተወደዱ ጊዜ የዚህ ጥቅሙ ታይቷል።

ይህን ሁሉ ያጠናነው ለወሬ ያህል አይደለም። የእኛ ክፍል ከመመረቁ በፊት ለሳይንስ ክበብ አንድ ኮምፒዩተር ሊያበረክት ገንዘብ አዋጥቷል፤ ሙሉውን ከሱቅ ለመግዛት ግን አይበቃም። በዕቃ ግምጃ ቤት ከተቀመጡት አሮጌዎች አንዱን ከፍተን ብናይ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል፤ መሰኪያው ሠሪው ለራሱ ብቻ ያበጀው ስለ ሆነ ሌላ አይገባበትም። ኤቲኤክስ የሚባለው ሥርዓት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በዚያን ቀን ገባን።

ጥቂት ጓደኞቻችን ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛ ብለው አጥብቀው ተከራክረው ነበር፤ ክበቡ ለጨዋታ አልተቋቋመም ተብሎ በድምፅ ብልጫ ተሸነፉ። ፕሮሰሰሩን የሥዕል ክፍል ያለው፣ ያገለገለም ቢሆን፣ እንድንገዛ ተስማምተናል፤ ፕሮሰሰር በቶሎ አይበላሽምና። ፓወር ሰፕላዩ ግን አዲስ ይሆናል። ራሙን አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከማድረግ ሁለት ባለ 8 ማድረግ ይሻላል፤ የሥዕሉ ክፍል ከራሙ ስለሚበደር በሁለት መንገድ ቢመላለስለት ይፈጥናል። ሣጥኑን የአንዱ ጓደኛችን አባት ብረት ሠራተኛ ስለ ሆኑ ያለ ዋጋ እሠራላችኋለሁ ብለዋል። የማይክሮ ኤቲኤክስ ገበታ ከ244 በ244 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ የቀዳዳዎቹም ቦታ የታወቀ ስለ ሆነ ገበታው ገና ሳይገዛ ልኩን በወረቀት ነድፈን ሰጥተናቸዋል።