«ባለትዳር ነሽ?»

ባለፈው ስብሰባችን «ልጆቻችን ጤና ጣቢያ መሄድ ለምን ያፍራሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ እኔ ዝም ብዬ ነበር። መልሱን ግን አውቀዋለሁ። በ17 ዓመቴ የወር አበባ ሕመም የበረታባትን ጓደኛዬን ይዤ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ የምታወጣው ሴት ምን እንዳመማት ሳትጠይቅ «ባለትዳር ነሽ?» አለቻት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሳንታከም ተመለስን።

የዚያች ሴት ክፋት ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመሠረት፣ ከስሙ እንደሚታየው፣ የነገሩ መነሻ ቤተሰብ ነበር። ትዳር የሌላት ልጅ በዚያ ስም ውስጥ ራሷን ማግኘት ይከብዳታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። እንግዲህ የ15 ዓመቷ ልጅ ካገባች ሴት ናት፣ ካላገባች ሕፃን። ያገቡትም ቢሆኑ አልዳኑም፤ ሰውነታቸው ሳይጠና አምጠው ለፊስቱላ የተዳረጉትን የሐምሊን ሆስፒታል ያውቃቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ተሻሽሏል። የ1985ቱ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የእርግዝና መከላከያን በማስተዋወቅ ላይ የነበረው ክልከላ እንዲነሳ ጠየቀ። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገ። ከ1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ ተደፍራ ያረገዘች ጽንሱን ማቋረጥ ብትፈልግ የራሷን ቃል እንደ በቂ ማስረጃ ይቀበላል። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የሞሰቦ ነገር ነው። በአማራ ክልል በዚህች የገጠር ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ልጃገረዶችን በቡድን እያሰባሰበ ስለ ጤናቸው ያስተምር፣ ትምህርት ቤት እንዲገቡም ይረዳ ነበር። ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመት ለቆየ ቤተሰብ በግ ይሰጠዋል። በጉ ያስቃል ይሆናል፤ ለእኔ ግን ዳቦ የሌለበት ቤት ልጁን ለምን እንደሚድር የገባው ሰው ሥራ ነው። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ጋብቻ እጅግ ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ማግባታቸውን አልተዉም። የ1952ቱ 15 ዓመት ከሕጉ ቢወጣም ከወላጅ ልብ አልወጣም ነበር።

ሰሞኑን ልጄን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። መዝጋቢዋ ስሟንና ዕድሜዋን ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት። ቅጹ ላይ «የጋብቻ ሁኔታ» የሚል መስመር አሁንም አለ። ልጅቷ ባዶውን አልፋው ወደ ምርመራ ክፍል መራቻት።