መጽሐፍ የታቀፈ ክንድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ በኩል የሚጓዝ መንገደኛ፣ የአዋሽን ቆላና ሙቀቱን ከኋላው ትቶ ዳገቱን በዝግታ እየወጣ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የጭላሎን ተራራ ተንተርሳ የተቀመጠችውን የአሰላን ከተማ ያገኛል። ጊዜው ማለዳ እንደ ሆነም፣ ጉሙ ከተራራው ራስ ገና ሳይገፈፍ፣ በገብሱና በስንዴው ማሳ መካከል በተዘረጋው ቀጭን የእግር መንገድ ላይ ልጆች ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ሳይቀድማቸው ለመድረስ ሲሮጡ ይመለከታል። ይህን ሩጫ ያዘዘ አሠልጣኝ፣ የለካው ሰዓት፣ የሸለመው ዳኛ የለም፤ ሆኖም የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በባርሴሎና፣ በአትላንታ፣ በሲድኒ፣ በአቴንስ፣ በቤይጂንግና በለንደን ከፍ ብሎ የተሰቀለበት ምክንያት ሲመረመር፣ ሥርወ ነገሩ ወደዚህ የተማሪ መንገድ ይመራል። ስለዚህ የአርሲን ደጋ የሩጫ ታሪክ መጻፍ የሚወድ ሰው ከትምህርት ቤት ደጃፍ መጀመር ይገባዋል፤ ስለ መጪው ዘመኑ የሚያስብ ሰውም ዓይኑን ከዚያው ደጃፍ ላይ ማንሣት የለበትም።

ትምህርትና የአካል ተጋድሎ በአገራችን የተዋወቁት ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ብቻ አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ መንፈሳዊውን ተጋድሎ በሜዳ በሚሽቀዳደሙ ሯጮች መስሎ ማስተማሩን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በየጉባኤያቸው ሲተረጉሙት ኖረዋል፤ የቆሎ ተማሪውም አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ቅኔና ዜማ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ሲሻገር፣ ዕውቀት በእግር ተኪዶ የሚፈለግ ነገር መሆኑን በአካለ ሥጋው መስክሯል። በልደት በዓል ሰሞን የገና ጨዋታ የመንደሩን ጐልማሳ ሁሉ ወደ ሜዳ ሲያወጣ፣ በአርሲ ደጋ ደግሞ ከሁሉ የላቀ ክብር የነበረው ለፈረስ ነው፤ የአርሲ ኦሮሞ ከጥንት ጀምሮ በፈረሰኛነት የታወቀ ሕዝብ ነውና፣ የአገሩ ልጅ በገዛ እግሩ ከመሽቀዳደሙ አስቀድሞ የፈጣንነትን ማዕርግ ከፈረስ ጀርባ ላይ ተምሯል።

የእግር ኳስ ጨዋታ ግን ከተማሪና ከከተማ ልጅ ጋራ የመጣ አዲስ ነገር ነበረ። በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተከፈተው ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ልጆች አንዱ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ብዙ ዘመን ተጫውተዋል፤ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ስትወስድ ቡድኑን መርተዋል፤ ኋላም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ኖረዋል። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የተማሪው ሜዳ፣ የክለቡ ሜዳና የአህጉሩ ሸንጎ እንዲህ ተያይዘው መገኘታቸው፣ በዚያ ዘመን ጨዋታ ከትምህርት የተነጠለ ሙያ ተደርጎ እንዳልተቈጠረ ያስረዳል።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር፣ ኋላም በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ ይህ የተማሪ ጨዋታ ልማድ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ተሸጋገረ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ተደነገገ፤ አብዛኛውም የተላከው በመምህርነት ነበረ። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1955 ዓ.ም. መግቢያ፣ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተመድበው ነበርና፣ ጠመኔ የያዘው ወጣት መምህር ከሰዓት በኋላ ፊሽካውን ይዞ ከተማሪዎቹ ጋራ ሜዳ የሚወርድበት ዘመን እንዲህ ሆኖ መጣ። ዛሬ ስለ ኮሌጅ ስፖርት ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ዋንጫና ስለ መለያ ልብስ ነው፤ የፊተኛው በረከቱ ግን ከከተማ የወጣ መምህር በገጠር ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የአንድን ልጅ ተሰጥዎ አይቶ በስሙ መጥራቱ ነበረ።

በአርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ በጭላሎ፣ በአርባ ጉጉና በጢቾ አውራጃዎች፣ በዚያ ዘመን ትምህርት ቤቱ ጥቂት፣ መንገዱም ረጅም ነበረ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ በአጭሩ ካዱ የሚለው፣ የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው በማዳረስ አሰላን የስንዴ አገር ማእከል አደረጋት፤ የገበሬው ልጅ ግን አሁንም ከብቱን አሰማርቶ፣ ውኃውን ቀድቶ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ ነበረ። ኳስ ደልዳላ ሜዳንና ሃያ ሁለት ተጫዋችን ይጠይቃል፤ ሩጫ ግን ከመንገዱ በቀር የሚጠይቀው ነገር አልነበረምና የአርሲን ልጅ ያገኘው እርሱ ነው።

ሊቃውንተ ሕክምና የደጋውን ምሥጢር ሲያስረዱ፣ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ኦክስጅንን የሚሸከመውን ቀይ የደም ሕዋስ አብዝቶ ይሠራል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ፣ የአገራችን ደጋ ሁሉ፣ ሰሜኑም፣ መንዙም፣ ጋይንቱም፣ በእኩል ቍጥር ሯጭ ባፈራ ነበረ። እኒህ ደጋዎች ብርቱ ሰው አላጡም፤ በአርሲ ግን በከፍታው ላይ ሁለት ነገሮች ተደረቡ፤ አንደኛው ልጁን በየማለዳው የሚያሮጠው የትምህርት ቤት መንገድ፣ ሁለተኛውም በመንገዱ መጨረሻ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው መምህር ነው።

የመጀመሪያው ምስክር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአሰላ ወገን፣ አሥር ልጆች ካሉት የገበሬ ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለ ነበረ ጧት እየሮጠ ይሄድ፣ ማታም እየሮጠ ይመለስ ነበረ። በ1972 ዓ.ም. ክረምት ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ 5,000 እና 10,000 ሜትር ሲያሸንፍ ዜናውን በሬዲዮ የሰማው ይህ ሕፃን፣ ከሃያ ዓመት በኋላ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመቶ ከተከፈለ ሴኮንድ በዘጠኙ ብቻ ቀድሞ ለሁለተኛ ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ሲሮጥ ግራ ክንዱ ወደ ደረቱ ዘንበል ብሎ እንደ ታጠፈ ይቀር ነበረና፣ ዓለም ይህን አይቶ ተደነቀ፤ ነገሩ ግን በልጅነቱ መጽሐፎቹን ታቅፎ ይሮጥ የነበረበት ልማድ በአካሉ ተቀርጾ መቅረቱ ነበረ። መጽሐፉ ከተቀመጠ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ክንዱ ግን መጽሐፉን አልረሳም።

ሁለተኛው ምስክር ከአሰላ በስተደቡብ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው የበቆጂ ከተማ ናት። በዚያ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካል ማጠንከሪያ ትምህርት ያስተምሩ የነበሩት መምህር ስንታየሁ እሸቱ፣ ደመወዛቸው የአስተማሪ ደመወዝ፣ ሜዳቸውም የትምህርት ቤት ሜዳ ሆኖ ሳለ፣ ከዓለም ታላላቅ አሠልጣኞች መካከል ስማቸው የሚጠራ ሰው ሆኑ። ደራርቱ ቱሉ በልጅነቷ በፈረስ ግልቢያ የታወቀች ነበረች፤ በዚያው በትምህርት ቤት በ400 ሜትር ውድድር ከወንዶቹ መካከል ስመ ጥር የነበረውን ሯጭ እንደ ቀደመች ይነገራል፤ ከፈረሱ ሜዳ ወደ እግር ሩጫው መሻገሪያ ሆኖ ያገለገላትም የተማሪዎች ውድድር ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትር አሸንፋ በኦሊምፒክ ወርቅ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ በሲድኒም ድሏን ደገመችው። ከዚያ ወዲህ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. የአትላንታን ማራቶን፣ ቀነኒሳ በቀለ በአቴንስ 10,000 ሜትር፣ በቤይጂንግም 5,000 እና 10,000 ሜትር፣ ጥሩነሽ ዲባባ በቤይጂንግ ሁለቱንም ርቀት፣ በለንደንም እንደገና 10,000 ሜትር አሸነፉ። በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የተሞሉ መንግሥታት ሊያገኙት ያልቻሉትን ክብር አንዲት ትንሽ የደጋ ከተማና አካባቢዋ አገኙ።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ለሯጩ ምን እንደ ሰጠው ለይተን እንመልከት። ሰዓትን አስተማረው፤ ደወሉ አይጠብቅምና። እኩያን ሰጠው፤ ብቻውን የሚሮጥ ሰው የራሱን ፍጥነት አያውቅምና። ከመንደሩ ውጭ ያለውን ዓለም አሳየው፤ ከክፍል ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ የሚያሸጋግረው የተማሪዎች ውድድር ለገበሬው ልጅ የመጀመሪያው የክብር መሰላል ነበረና። ከሁሉም በላይ፣ ባይሳካለት የሚመለስበት ቤት አኖረለት፤ የተሸነፈው ልጅ በማግስቱ ወደ ክፍሉ ገብቶ ሒሳቡን ይማር ነበረ፤ ሽንፈቱም የሕይወት ውድቀት አልነበረም።

በዘመናችን ግን ይህ ትሥሥር እየላላ መጥቷል። ሩጫ ክብር ብቻ ሳይሆን ሀብትም እንደሚያስገኝ ሕዝቡ ካየ ወዲህ፣ የአትሌቱ ቤትና ሆቴል ለወጣቱ ከመምህሩ ቃል ይልቅ የሚናገር ስብከት ሆነ። ክለቦች ልጁን በታዳጊነቱ ይፈልጉታል፤ በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል መቋቋሙም የአገሩን ተሰጥዎ በአገሩ ለማሳደግ የተደረገ፣ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከየመንደሩ የሚነሣው ልጅ ሁሉ በማዕከል ወይም በክለብ ቦታ አያገኝም፤ ያገኘውም ሁሉ ለዓለም አደባባይ አይበቃም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው «የሯጮች ከተማ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም፣ ከበቆጂ ተነሥተው ወደ ማሠልጠኛ የሄዱ ልጃገረዶችን ተከትሎ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ተስፋው አንድ ሆኖ ሳለ ዕድሉ የተለያየ ነበረ። አንድ ኃይሌ ስናይ፣ ደብተሩን ጥሎ የሮጠውን፣ ጉልበቱ ታምሞ ወይም ሰዓቱ አልሞላ ብሎ የተመለሰውን፣ እኩዮቹም ክፍል ቀድመውት የሄዱበትን ብዙ ልጅ አናይም፤ ስሙን የሚመዘግብ ዜና መዋዕል የለውምና።

ጨዋታና ትምህርት እንዴት ይጣጣሙ የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1869 የረትገርስና የፕሪንስተን ተማሪዎች የመጀመሪያውን የኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ሲያደርጉ፣ ተጫዋቹ ተማሪ፣ ተመልካቹም ተማሪ ነበረ። በ1905 በጨዋታው የሚሞተው ወጣት በመብዛቱ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችን ሰዎች ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጠርተው አነጋገሩ፤ ጨዋታውም ሕጉ ተሻሽሎ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ግን ስታዲየሙ እየሰፋ፣ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ እየበዛ ሄዶ፣ ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቹ በስሙና በመልኩ ገንዘብ እንዲያገኝ ተፈቀደ፤ በ2025 ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለስፖርተኞቹ በቀጥታ እንዲያካፍል የሚያስችል ስምምነት በፍርድ ቤት ጸደቀ። የለፋ ወጣት ዋጋውን ማግኘቱ ፍትሕ ነው፤ ሆኖም የዚያ አገር ሰዎች ዛሬ የሚከራከሩበት ነገር፣ ይህ ወጣት ከተማሪነቱ ምን ቀረለት የሚል ነው። ባለጸጋው አገር በብዙ ሀብት መካከል ሆኖ የሚጠይቀውን ይህን ጥያቄ፣ አርሲ በባዶ እግር መንገድ ላይ ሆና ትጠይቀዋለች፤ ልዩነቱ፣ በእኛ ዘንድ ልጁ ተማሪነቱን የሚያጣው ምንም ክፍያ ሳያገኝ አስቀድሞ መሆኑ ነው።

የዚህን ልማድ መጪ ዘመን ማንም በርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ትምህርት ቤት በየቀበሌው እየተሠራ፣ ባጃጁና ሚኒባሱ ገጠሩን እየነካ ሲሄድ፣ የ10 ኪሎ ሜትሩ ሩጫ ያጥራል፤ ይህም ሊያስደስተን እንጂ ሊያሳዝነን አይገባም፤ የልጅን ድካም ለሜዳልያ ብለን የምንመኝ ጨካኞች መሆን የለብንምና። እንግዲህ መንገዱ ይሠራው የነበረውን የማሠልጠን ሥራ መምህሩና የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሊረከቡት ይገባል። ዛሬ አሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ የቀድሞው ተማሪ በአገልግሎት ዓመቱ ወደ ጠቅላይ ግዛት እንደ ወጣ፣ የዛሬውም በአቅራቢያው ወዳሉት ትምህርት ቤቶች ወርዶ ልጆቹን ቢያስጠናና ከእነርሱ ጋራ ቢጫወት፣ ኮሌጁ ከጨዋታው ጋራ ያለው ጥንታዊ ዝምድና ይታደሳል። ማሠልጠኛውም ልጁን ሲቀበል መምህሩንና መጽሐፉን አብሮ ይቀበል፤ ሁለት ሰዓት ሩጫ የሚያስተምር ሁለት ሰዓት ንባብ ለማስተማር ጊዜ አያጣም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሊደረግ የሚችል፣ ገንዘብም የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ከክለብም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ ሯጭ ሊመርጥ ወደ አሰላ ወይም ወደ በቆጂ ሜዳ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ያ በጉሙ ውስጥ እየሮጠ የመጣው ልጅ ከፊቱ ሲቆም፣ የእጅ ሰዓቱን ከመመልከቱ በፊት «ስንተኛ ክፍል ነህ፣ ልጄ?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም በመዝገቡ ላይ ከሮጠበት ደቂቃ ቀድሞ ይጻፈው።