በአንድ ደብዳቤ የተሰረቀው ስም

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1995 ስቲቨን ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ አንድ ደብዳቤ ይዞ ወደ ኔትወርክ ሶሉሽንስ ኩባንያ ቀረበ። ያኔ በዶት ኮም የሚያልቁ የድረ ገጽ ስሞችን የሚመዘግበው ይህ ኩባንያ ብቻ ነበር። ኮኸን ከጥቂት ጊዜ በፊት ከእስር ቤት የወጣ የታወቀ አጭበርባሪ ነው።

ደብዳቤው ኦንላይን ክላሲፋይድስ ከሚባል ድርጅት ለኮኸን የተጻፈ ይመስላል። ጋሪ ክሬመንን ከሥራ አሰናብተናል፣ ሴክስ ዶት ኮም የሚለውን ስም ቦርዳችን ለመተው ወስኗል፣ አንተ ብትወስደው አንቃወምም ይላል። ለመዝጋቢው በቀጥታ ያልጻፉበትም ምክንያት ተገልጿል፤ የኢንተርኔት መስመር የለንምና አንተው ንገርልን!

ስሙ “ኦንላይን” የሆነ ድርጅት ኢንተርኔት የለኝም ሲል ማንም ሰው ቅንድቡን ከፍ ማድረግ ነበረበት። በኩባንያው ግን ወደ ክሬመን ስልክ የደወለ አልነበረም። ስሙ ተዛወረ። ክሬመን ደርሶበት አቤት ሲል፣ ጊዜው አልፏል፣ መመለስ አይቻልም ተባለ።

ክሬመን ስሙን በ1994 ያስመዘገበው በነፃ ነበር። ኮኸን ግን የወሲብ ማስታወቂያ ማስተናገጃ አድርጎ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አፈሰበት። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ2000 ፍርድ ቤቱ ስሙ ለክሬመን እንዲመለስ አዘዘ፤ በ2001 ደግሞ ኮኸን 65 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። ኮኸን ገንዘቡን ወደ ውጭ አሽሽቶ ራሱም ጠፋ። ክሬመን የሰውየውን ፎቶ በተመለሰለት ድረ ገጽ ላይ ለጥፎ ላስያዘልኝ 50 ሺህ ዶላር እሰጣለሁ አለ። የኮኸን ጠበቆች የሰጡት መልስ ሲኒማ ነው፦ ደንበኛችን ሜክሲኮ ውስጥ በቤት እስር ላይ ነው፣ ሽልማት ፈላጊዎች ከሜክሲኮ ፖሊስ ጋር እየተታኮሱ ነውና የእስር ማዘዣው ይነሳልን! ዳኛው አላመኑም። ኮኸን የተያዘው በ2005 ቲኋና ውስጥ ነው። ክሬመን ከ65 ሚሊዮኑ አብዛኛውን አላገኘም።

ለታሪክ የሚተርፈው ግን ክሬመን በመዝጋቢው ኩባንያ ላይ የመሠረተው ክስ ነው። የሥር ፍርድ ቤት፣ የድረ ገጽ ስም የማይዳሰስ ነገር ስለሆነ በዚህ ሕግ ተወሰደብኝ ልትል አትችልም ብሎት ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2003 ይህን ሻረው። ስም ንብረት ነው አለ፤ ማስመዝገቡንም በመሬት መዝገብ ቤት ቦታን በስም ከማስያዝ ጋር አመሳሰለው። የሌላውን ንብረት ለማይገባው ሰው ያስረከበ፣ ተታልሎም ቢሆን፣ ሊጠየቅ ይችላል። ኩባንያው በ2004 ከክሬመን ጋር ተስማማ።

ከዚህ ፍርድ በኋላ ስርቆቱ መቆም ነበረበት። አልቆመም፤ በሩም ያው የመዝጋቢው በር ሆኖ ቀጠለ። በጃንዋሪ 2005 ከኒውዮርክ አንጋፋ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዱ የሆነው ፓኒክስ፣ ቅዳሜ ጠዋት ስሙ ሜልበርን አይቲ ወደተባለ የአውስትራሊያ መዝጋቢ ተዛውሮ አገኘው። የዚያ መዝጋቢ ወኪል የባለቤቱን ፈቃድ ሳያረጋግጥ ነው ዝውውሩ ያለፈው። የፓኒክስ ደንበኞች ኢሜይል ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይሄድ ጀመር። ሜልበርን ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ቢሮው ዝግ ነው። ስሙ የተመለሰው በአውስትራሊያ ሰኞ ከነጋ በኋላ ነበር።

በኦገስት 2013 ራሱን የሶሪያ ኤሌክትሮኒክ ሠራዊት ብሎ የሚጠራው ቡድን የኒውዮርክ ታይምስን ስም ወደ ራሱ አዞረ። የጋዜጣውን ኮምፒውተር አልነካም። የሜልበርን አይቲን አንድ ወኪል በሐሰተኛ ኢሜይል አታልሎ የይለፍ ቃሉን ወሰደ፣ በቃ። በዚያው ቀን ትዊተርም ተጠቅቷል፤ ዋናው ስሙ ግን ወደ ሌላ አልዞረም፤ ሬጅስትሪ ሎክ ነበረውና። ይህ ቁልፍ የሚቀመጠው ከመዝጋቢው በላይ፣ የዶት ኮምን ዋና መዝገብ በያዘው ቬሪሳይን ዘንድ ነው። ሰው በሰው ተረጋግጦ ካልተከፈተ የመዝጋቢው ፓስዎርድ ብቻውን ምንም አያደርግም።

እንዲህ ያለ ቁልፍ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ሁሉም መዝጋቢም አያቀርበውም። በዓመት ሁለት ዶላር ቅናሽ አለ ተብሎ መዝጋቢ ሲመረጥ የሚዘነጋው ይሄ ነው። አገልግሎቱ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አለው? ስልክ ደውሎ የሚያለቅስ አታላይ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛውን አሳዝኖ መግባት ይችላል? ቅዳሜ ሌሊት የሚያነሳ ሰው አለ? የመለያው ኢሜይልስ በዚያው ስም ላይ የተከፈተ ነው? ከሆነ፣ ስሙ በተሰረቀ ጊዜ የማስመለሻው ኢሜይልም አብሮ ይሄዳል።

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ያለ የአማርኛ ሚዲያ ስሙ በዶት ኮም ካለቀ የሚተዳደረው በዚሁ ሥርዓት ነው። እዚህ ላይ ከሌባም በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ስሙ በማን ተመዝግቧል? ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ በራሱ ስምና ኢሜይል አስመዝግቦት ከሆነ፣ በመዝገቡ ላይ ባለቤቱ እሱ ነው። በተጣሉ ቀን ሐሰተኛ ደብዳቤ እንኳ አያስፈልገውም።

በጃንዋሪ 2021 ፐርል ዶት ኮም የተባለው የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ ተሰረቀ። አስተዳዳሪዎቹ እንደጻፉት ሌባው መለያውን ከወራት በፊት ሳይወስደው አልቀረም፤ መዝጋቢውንም ያታለለው በሐሰተኛ ሰነድ ጭምር እንደሆነ ያምናሉ። መዝጋቢው ኔትወርክ ሶሉሽንስ ነበር።