ድምፅ የሌላቸው ተዋንያንና የፖስታ ካርዳቸው

ሰው ሲሞት ድምፁ አስቀድሞ ይረሳል፤ መልኩ ግን በሥዕል ከተያዘ ይቈያል። ይህንም ድምፅ የሌለው የሲኒማ ዘመን ታሪክ በደንብ ያስረዳናል። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለዚያ ዘመን ተዋንያንና መልካቸውን ስላቈየላቸው ስለ ፖስታ ካርድ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

የፖስታ ካርድ መጀመሪያ የወጣው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1869 ዓ.ም. በኦስትሪያ ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ደግሞ ሉሚዬር የተባሉት ወንድማማቾች በ1895 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ገንዘብ አስከፍለው ለሕዝብ አሳዩ። ከዚያ ጀምሮ፣ ድምፅ ያለው ፊልም በ1927 ዓ.ም. ተወዳጅ እስኪሆን ድረስ፣ ተዋናይ ሐዘኑንም ደስታውንም የሚገልጸው በፊቱና በእጁ ነበር። ቋንቋም ስላላገዳቸው የለንደኑ ተወላጅ ቻርሊ ቻፕሊን፣ የዴንማርኳ አስታ ኒልሰንና የጃፓኑ ሴሱዌ ሃያካዋ ከአገራቸው ውጭ በብዙ አገሮች ታወቁ።

ተመልካቹ ግን ፊልሙን ወደ ቤቱ ይዞት ሊኼድ አይችልም ነበር። ይዞት የሚኼደው በጥቂት ሳንቲም የሚገዛውን የተዋናዩን ካርድ ነው። በበርሊን የነበረው የሄንሪኽ ሮስ ድርጅት እንዲህ ያሉትን ካርዶች በብዛት ያሳትም ነበር፤ ከሥዕሉም ሥር የተዋናዩን ስም፣ የድርጅቱን ስምና ተራ ቍጥሩን ያኖር ነበር። ሮስ አይሁዳዊ ስለ ነበረ በናዚዎች ዘመን ድርጅቱን ተነጥቆ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ስሙ ግን በካርዶቹ ላይ ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል።

የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት የተባለው ነገር በቀላሉ የሚቃጠልና በጊዜ ብዛት የሚበሰብስ ነበር። በ1937 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ የፎክስ ኩባንያ የፊልም መጋዘን ሲቃጠል፣ ቴዳ ባራ የተባለችው ዝነኛ ተዋናይ ከሠራቻቸው 40 ያህል ፊልሞች አብዛኞቹ አብረው ጠፉ። የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በአሜሪካ ከተሠሩት ወደ 11,000 ከሚጠጉ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያ መልካቸው ሙሉ ሆነው የተገኙት ከመቶ 14 ብቻ ናቸው። ውድ የነበረው ፊልም ሲጠፋ፣ በሣጥን ውስጥ የተጣለው ርካሽ ካርድ ግን ተረፈ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ይታወቃል። የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም «ሂሩት አባትዋ ማነው» የወጣው በእኛ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በድምፅ አልባው ዘመን በቴዳ ባራ ፈንታ የምንጠራው የራሳችን ተዋናይ የለንም። ፎቶግራፍና ፖስታ ግን ነበሩን። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉት አርመናዊ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ዓለም የፖስታ ማኅበር ገባች፤ የአገራችንም ሰው መልክ በካርድ ታትሞ ባሕር ተሻገረ። ነገር ግን የነገሥታቱና የመኳንንቱ ስም ሲጻፍ፣ በብዙው ካርድ ላይ የተራው ሰው ስም አልተጻፈም፤ «ወታደር» ወይም «የአገሬው ሴት» ብቻ ተባለ። የበርሊኑ ካርድ ለተዋናዩ ያደረገለትን ለእኛ ሰው አላደረገለትም።

እኛ በነቀምቴ፣ በባኬ ጃማ የምንማር ልጆች የስምን ጥቅም ከቅርብ ምሳሌ እናውቃለን። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. አሳተሙ፤ የመጽሐፍ ቅዱሱም ትርጕም በ1899 ዓ.ም. ወጣ። ኦኔሲሞስ በ1904 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ መጥተው አስተማሩ። የእኒህ ሰዎች ድምፅ ዛሬ አይሰማም፤ እንደ ሲኒማው ተዋንያን ዝም ብለው ከፎቶግራፍ ላይ ያዩናል። ስማቸውና ሥራቸው ስለ ተጻፈ ግን ማን እንደ ሆኑ ማንም አይጠይቅም።

በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትስ? ነጠላ የለበሱት እናት፣ ከበቅሎ አጠገብ የቆሙት አባት እነማን ናቸው? ዛሬ አያቶቻችን ይነግሩናል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን የሚነግረን አይገኝም። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ስለዚህ ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን መጽሔት አንብባችሁ ስትጨርሱ የቤታችሁን ፎቶግራፍ አውርዱ፤ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ በጀርባውም ላይ ስሙን፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በርሳስ ጻፉ። እኛም የዘንድሮ ተመራቂዎች በዚህ መጽሔት ከሚታተመው የክፍላችን ፎቶግራፍ ሥር የእያንዳንዳችን ስም ሳይጐድል እንዲጻፍ የጠየቅነው ስለዚህ ነው።