የአስቤዛ ግዢ በኦንላይን፦ ምቾቱና ወጪው
የአስቤዛ ሸቀጦችን በስልክ መተግበሪያ ማዘዝ የሸማቹን ጊዜና ድካም ይቆጥባል፤ ይሁን እንጂ ትክክለኛው ወጪ የሚታወቀው የማድረሻ ክፍያ ሲደመርበት ነው። ይህ ክፍያ ሁለት ኪሎ ቲማቲም ላይ ሲያርፍ የአንዱን ኪሎ ዋጋ በእጅጉ ያንረዋል፤ 50 ኪሎ ጤፍና የወሩን ዘይት በአንድ ጊዜ ለሚያዝ ቤተሰብ ግን ከታክሲና ከተሸካሚ ወጪ ሊያንስ ይችላል። አትክልት በዐይን ታይቶ፣ በእጅ ተመርጦ ቢገዛ ይመረጣል፤ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች የእሁድ ገበያዎችን ዋጋ አስቀድሞ ማነጻጸር ይጠቅማል።

ሸማቹ ዕቃውን ከመረከቡ በፊት ክብደቱንና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ሊያረጋግጥ ይገባል። በቴሌብር የሚደርሰው መልእክት ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ የተገዛውን ዕቃ ዝርዝር አያሳይም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ቅሬታ ለማቅረብ ይህንኑ ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል።