«ሲምቦሊክ» ስለሚባለው ቃል

በእንግሊዝኛ «ሲምቦሊክ» የሚባለውን ቅጽል ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዕር ስናነሣ ሁለት መንገድ ይገጥመናል። አንደኛው «ምሳሌያዊ» ሲሆን፣ ሁለተኛው «ለስም ያህል ብቻ» ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው።

የቃሉ ሥር ግሪክ ነው። በጥንት ግሪኮች ዘንድ ሁለት ተዋዋዮች አንድን ሸክላ ወይም አጥንት ለሁለት ሰብረው እኩሌታ እኩሌታውን ይይዙ ነበር። ኋላ ስባሪው ከስባሪው ሲገጥም ባለ ውሉ ይታወቃል። «ሲምቦሎን» ይህ ነው። የላቲን ክርስቲያኖችም ጸሎተ ሃይማኖትን በዚሁ ስም ጠርተውታል። እንግዲህ ቃሉ ሲወለድ ዕዳ ያለበት፣ ሰውን በቃሉ የሚያስይዝ ነበር።

ዛሬስ? የፈረንሳይ ፍርድ ቤት ክብሩ ለተነካ ከሳሽ አንድ ፍራንክ (ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ዩሮ) ካሳ ሲፈርድ «ሲምቦሊክ» ይባላል። ከፋዩን የማይጎዳ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ስንሰማ ተናጋሪው ባለ ዕዳ ነው ወይስ ባለ ገንዘብ ብሎ መጠየቅ ይገባል እንላለን።

የአክሱምን ሐውልት እንውሰድ። ወድቆ የተሰባበረውን፣ ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ገደማ የሆነውን ድንጋይ ፋሽስቶች በ1937 እ.ኤ.አ. ሮማ ወስደው ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ሚኒስቴር በታሰበው ስፍራ ፊት ለፊት አቆሙት። ነገሩ ባዶ ምልክት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ድካም ባልደከሙ ነበር! በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል አንቀጽ 37 ኢጣልያ ከጥቅምት 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራና ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ግዴታ ገባች። ሐውልቱ አክሱም የደረሰው ግን በ2005 ነው። ፊርማ ያረፈበት ግዴታ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ «ለስም ያህል» ሆኖ ኖረ። ለሚኒስቴሩ የታሰበው ሕንጻ እንኳ በመካከሉ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት መቀመጫ ሆነ።

ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰው ድንጋይ በ2008 ተጋጥሞ በጥንት ስፍራው ቆመ። በበኩላችን ስለዚህ ሐውልት በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉ ሲያጋጥመን «የውል ምልክት» ብለን እንመልሰዋለን፤ «ለስም ያህል» የሚለውን ለፈረንሳዩ አንድ ዩሮ ትተንለታል።